እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፈው የአባቶች ሕመም

በዋግ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በጋዝጊብላና በደሃና ከፍታዎች ላይ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ስታግል ውላ ማታ ነፋሱ ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ደጅ የሚወጣ ቢኖር ከብቱን ሊያይ የተነሣ ገበሬ ወይም ወደ ማሕሌት የሚሄድ ካህን ነው ይባላል። ነገር ግን ሌላም አለ። በብዙ ጎጆ ውስጥ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ አባወራ በሌሊት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ይነሣል። በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ከአጥሩ ሥር ይቆማል። ይጠብቃል፤ ያምጣል። ጥቂት ጠብ ጠብ ካለለት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። ገና ሙቀት ሳይሰማው እንደገና ይነሣል።

ማለዳ ጎረቤቱ "እንዴት አደሩ?" ሲለው "ተመስገን፣ ደኅና" ብሎ ይመልሳል። ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ አይናገርም። ለሚስቱም አይነግራትም፤ እርሷ ግን ታውቃለች። ልጆቹም ቢያውቁ "አባታችን አርጅቷል" ብለው ያልፉታል። ሽበትን፣ የዓይን መድከምንና የጉልበት ሕመምን ከእርጅና እንደሚቆጥሩት ሁሉ ይህንንም ከዚያው ይደምሩታል። ይሁን እንጂ ሕመሙ ስም አለው፤ ምክንያት አለው፤ በአብዛኛውም ሕክምና አለው። አባቶችን ከዕድሜው ይልቅ የሚጎዳቸው ዝምታው ነው።

በቦዩ አፍ ላይ ያለችው ዕጢ

ፕሮስቴት በወንድ ብቻ የምትገኝ ዕጢ ናት። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጣ የሽንት መውረጃውን ቧንቧ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ትይዘዋለች። በጎልማሳ ወንድ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው። ሥራዋም ከዘር ፈሳሽ ውስጥ አንዱን ክፍል ማመንጨት ነው። ሰው በጉልምስናው ዘመን መኖሯን እንኳ ሳያውቅ አብሯት ይኖራል።

ችግሩ የሚመጣው ከአቀማመጧ ነው። መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከኩሬ ወደ ማሳ ውኃ የሚወርድበት ጠባብ ቦይ አፉ ላይ ያለው አፈር ከግራና ከቀኝ እያበጠ ቢመጣ፣ ውኃው መጀመሪያ ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ይቆማል። ኩሬው ግን ከላይ መሙላቱን አይተውም። በሰውነታችን ውስጥ ኩሬው የሽንት ፊኛ፣ ቦዩ የሽንት ቧንቧ፣ ኩሬውን የሚሞሉት ምንጮች ደግሞ ሁለቱ ኩላሊቶች ናቸው። በቦዩ አፍ ላይ ያለችው ፕሮስቴት ናት።

ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ይህች ዕጢ ቀስ በቀስ ማደግ ትጀምራለች። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከሚገኙ ወንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው መካከል ደግሞ ከአሥሩ በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ እድገቱ ይታያል። ዕጢዋ ያደገችበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። ትልቅ ሆና መንገድ የማትዘጋ አለች፤ ትንሽ ሆናም ቧንቧውን አንቃ የምትይዝ አለች። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እድገት ካንሰር አለመሆኑና ወደ ካንሰርም አለመለወጡ ነው።

የሽንት ፊኛ በመጀመሪያው ወቅት መሰናክሉን ለማለፍ ይታገላል። በዳገት ላይ እንደሚጎትት በሬ ጡንቻው እየደነደነ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፤ ሲመጣም ያጣድፈዋል። ሊሸና ሲቆም ግን ቶሎ አይጀምርለትም፤ ሲጀምርም ቀጭን ነው፤ ይቆራረጣል። ከጨረሰ በኋላ ልብሱ ላይ ያንጠባጥባል፤ ያልጨረሰ መስሎም ይሰማዋል። ዓመታት ሲያልፉ ፊኛው እንደ ደከመ በሬ እጁን ይሰጣል። ሽንት በውስጡ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ይመረቅዛል፤ ጠጠርም ሊፈጠርበት ይችላል።

ከተዝካር በኋላ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ አባወራን በሐሳባችን እንከተል። ስም አንሰጠውም፤ በየቀበሌው ያለ ሰው ነውና። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው እንበል። ቤቱ ከሰቆጣ በእግር የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሌሊት መመላለስ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ስላቃተው ከቤተ ክርስቲያን ዓጸድ ውጭ መቆም ጀምሯል። ገበያ በሚወርድበት ቀን መንገድ ላይ እንዳያስቸግረው ብሎ ውኃ አይጠጣም። በሰዎች ፊት ተነሥቶ መውጣቱ ስለሚያሳፍረው በማኅበርም በሠርግም ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ለምዷል።

በጥር ወር የጎረቤቱ ተዝካር ሆነ። አባወራው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ጠላውን ጠጣ። ሽንቱ መጣበት፤ ካህናቱ እየጸለዩ ስለ ነበረ ግን አልተነሣም። ማታ ቤቱ ሲገባ ቢሞክር እንቢ አለው። ሚስቱ ተልባ አፍልታ ሰጠችው፤ ውኃም "ይገፋዋል" ብላ ደጋግማ አጠጣችው። ሆዱ ከእምብርቱ በታች እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሲነጋጋ ልጁ የማቃሰቱን ድምፅ ሰምቶ መጣ።

"አባቴ፣ ምን ሆኑብኝ?"

"ምንም አይደለ ልጄ፤ ብርድ ነው የመታኝ።"

"ብርድስ እንዲህ አያንፈራግጥም፤ ይንገሩኝ እንጂ።"

መልሱን የሰጠችው እናትየው ናት። "ውኃ ሽንት እንቢ ብሎት ነው ያደረው። ሌሊት ሲመላለስ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው" አለች።

ጎረቤት ተጠራ። ሽማግሌውን በቃሬዛ አድርገው እየተፈራረቁ ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ዳገቱን ወጡ። ከጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሱ በንጹሕ መሣሪያ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በሽንት መውረጃው በኩል አስገባ። የታገደው ሽንት ፈሰሰ። ሰውዬውም ከሞት እንደ ተመለሰ ሁሉ እፎይ አለ።

"አባቴ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?" አለው ነርሱ።

"ልጄ፣ ይህ ምን ብሎ ይነገራል? በዚህ ዕድሜዬ 'ጨብጥ ይዞታል' ቢሉኝስ?"

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የተሸሸገ ብዙ ትምህርት አለ። መጀመሪያ ነገር ሕመሙ በአንድ ሌሊት አልመጣም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። የመጨረሻውን በር የዘጉት ጠላው፣ ብርዱና ሽንትን ይዞ መቆየቱ ናቸው። አረቄና ጠጅም ያው ናቸው። የሆድ ድርቀት እንዲሁም ለጉንፋንና ለአፍንጫ መደፈን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በቋፍ ላይ ያለውን ሰው በድንገት ሊዘጉት ይችላሉ። ስለዚህ የሽንት ችግር ያለበት ሰው ከመድኃኒት መደብር ማንኛውንም ክኒን ሲገዛ ችግሩን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ሁለተኛው፣ ሽንት ፈጽሞ ከታገደ ውኃ መጠጣት ሕመሙን ያባብሳል እንጂ አይገፋውም። ሽንት የሚያበዙ ክኒኖችን መዋጥም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ በሽንት ቧንቧ በኩል ማናቸውንም ነገር ለማስገባት መሞከር ቧንቧውን ይቀድዳል፤ ያደማል። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ቱቦውን በንጽሕና ማስገባት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የሐሜት ፍርሃት ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ጨብጥ በጨረቃ ፊት ለፊት በመሽናት ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይመጣል የሚል ልማዳዊ እምነት አለ። ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ሳይታከም ከቆየ የሽንት ቧንቧውን ጠባሳ አበጅቶ ሊያጠብበው ስለሚችል ምልክቱ ከፕሮስቴት ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ሐኪም ሁለቱን ይለያል፤ ሁለቱም ይታከማሉ። የፕሮስቴት ማደግ ግን ከማንም ሰው ጠባይ ጋር ግንኙነት የለውም። ቄሱም፣ መነኩሴውም፣ በአንዲት ሚስት ተወስኖ የኖረውም ይይዛቸዋል።

ሳያምም የሚመጣው ይብሳል

ድንገት የሚዘጋው በሕመሙ ብዛት ሰውን ወደ ሐኪም ያስኬዳል። ከዚያ የሚብሰው ቀስ ብሎ፣ ሳያምም የሚዘጋው ነው። ፊኛው እየሰፋ ይሄዳል፤ ሰውዬው "እየሸናሁ ነው" ይላል፤ የሚወጣው ግን ከሞላው ኩሬ ላይ የተረፈው ብቻ ነው። ሌሊት ሳያውቀው ምኝታው ላይ ይፈስሳል። ወደ ኋላ የተመለሰው ግፊት ሁለቱን ኩላሊቶች ይጎዳል። ከዚህ በኋላ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ድካም ይበረታል፤ እግርና ፊት ያብጣል። ኩላሊት አንዴ ከሞተ ደግሞ በክኒን አይመለስም፤ በመሣሪያ ደም ማጣራት ይመጣል። ይህም ለአንድ የዋግ ገበሬ ቤተሰብ በሬውንም ፍየሉንም ሸጦ የማይዘልቀው ወጪ ነው። ከዓመታት በፊት በጥቂት ክኒን ሊታከም ይችል የነበረው ሕመም የአንድን ቤት ሀብት ይዞ ሊሄድ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስቱን መለየት

ፕሮስቴትን የሚያገኟት ሕመሞች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው እስካሁን የገለጽነው እድገት ነው። ሁለተኛው መቆጣት ወይም መመርቀዝ ነው። ይህ በወጣቶችም ላይ ይደርሳል። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከብልትና ከፊንጢጣ መካከል ሕመም ይታያል። ተሕዋስ ያመጣው ከሆነ በጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱ ግን ለሳምንታት የሚወሰድ ስለሆነ "ተሻለኝ" ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቋረጥ በሽታውን አስተኝቶ መልሶ ማስነሣት ነው።

ሦስተኛው ካንሰር ነው። የፕሮስቴት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 1.4 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ላይ መገኘቱ ተመዝግቧል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ሰው ዕድሜው እየረዘመ ነው። በሽታው ከሃምሳ ዓመት በፊት ብዙም አይታይም። አባቱ ወይም ወንድሙ የያዘው ሰው ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል ለአደጋው የተጋለጠ ነው። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድም በሽታው በብርታት እንደሚታይ ታውቋል።

ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢዋ የውጭ ክፍል ስለሚነሣ መጀመሪያ ላይ ሽንትን አይዘጋም፤ ምልክትም አያሳይም። ብዙዎቹ በዝግታ ያድጋሉ። ሌሎቹ ግን ወደ አጥንት ይዘምታሉ። በሽማግሌ ላይ የማይለቅ የወገብ አጥንት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም የእግር መዛል ሲታይ "ሸክም ነው፣ ብርድ ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። በተለይ እግር ድንገት ከዛለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ሦስቱን የሚለየው በጥያቄ፣ በሽንትና በደም ምርመራ፣ በአልትራሳውንድ እንዲሁም ጓንት አድርጎ ፕሮስቴትን በፊንጢጣ በኩል በጣት በመዳሰስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ አባቶች ይፈሩታል፤ ያፍሩታልም። ምርመራው ግን ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ለስላሳና ያደገ ዕጢን ከጠጠረና ከተጓጎለ ዕጢ ለመለየትም ይረዳል። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል የደም ምርመራም አለ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ በእድገትም በመመርቀዝም ከፍ ይላል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ከዕጢዋ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ሕክምናውና የገበሬው ሥራ

ያደገ ፕሮስቴት ያለበት ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮን አይደረግም። ችግሩ ቀላል ከሆነ ማታ ከመኝታ በፊት ብዙ አለመጠጣት፣ ቡናና አልኮልን መቀነስ፣ ሽንትን ይዞ አለመቆየት፣ ሲሸኑም ሳይቸኩሉ ጨርሶ ጥቂት ቆይቶ መድገም ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ውኃ መከልከል ግን ስሕተት ነው። በተከዜ ተፋሰስ ቆላ ፀሐይ ውስጥ ተጠምቶ የሚውል ሰው ለጠጠርና ለመመርቀዝ ራሱን ያጋልጣል።

ከዚያ ቀጥሎ ክኒን አለ። እንደ ታምሱሎሲን ያሉት የዕጢዋንና የፊኛውን አፍ ጡንቻ ያላላሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ከተቀመጡበት ሲነሡ ሊያዞሩ ስለሚችሉ በገደል አፋፍ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄ ያሻል። እንደ ፊናስቴራይድ ያሉት ደግሞ ትልቅ ዕጢን ያሳንሳሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ክኒን ካልበቃ፣ ሽንት በተደጋጋሚ ከታገደ፣ ጠጠር ከተፈጠረ ወይም ኩላሊት ከተነካ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ወይም ከእምብርት በታች ተከፍቶ ያደገው ክፍል ይወጣል። የሚወጣው እንደ ብርቱካን ውስጡ ነው፤ ልጣጩ ይቀራል። ልጣጩ በመቅረቱ ሰውዬው ከዚያ በኋላም ክትትል አይቅርበት። ብዙዎች "ስልብ ያደርጋል" ብለው ይፈሩታል። ቆለጥ አይነካም፤ ወንድነትም በአብዛኛው አይጠፋም። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ መመለሱ ነው። ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር፣ ታካሚውም ሳያፍር መጠየቅ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ማረስ፣ ሸክም መሸከምና ሩቅ መንገድ መሄድ አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያስቸኩል አይደለም ካለ፣ ቤተሰቡ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን ጊዜ ሊመርጥ ይችላል።

ካንሰርም ቢሆን ሕክምና አለው። ዕጢው ሳይሰራጭ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። ከተሰራጨም በኋላ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቻርልስ ሀጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳየው መንገድ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የወንድነት ሆርሞን ሲቀነስ በሽታው ይሸሻል፤ ሕመሙም ይቀላል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ቤተ መንግሥትም አልቀረለት

ይህ ሕመም ጎጆና አዳራሽ አይለይም። በአገራችን የፕሮስቴት ስም በአደባባይ ከተነሣባቸው ጊዜያት አንዱ 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በደርግ እስር ላይ የነበሩት የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። በነሐሴ ወር ሕይወታቸው ሲያልፍ የወቅቱ መንግሥት መሞታቸውን ከዚሁ ሕመም ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉትም። ከደርግ ውድቀት በኋላ በባለሥልጣናቱ ላይ በተመሠረተው ክስም ንጉሠ ነገሥቱ ታፍነው እንደ ተገደሉ ተገልጿል።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ገበሬ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ንጉሥም ሆነ አራሽ ዕድሜው ከገፋ ያችው ዕጢ ታገኘዋለች፤ ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለተኛው፣ ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን ከሃምሳ ዓመት በፊትም ይደረግ የነበረ፣ የታወቀ ሕክምና እንጂ አዲስና ያልተሞከረ ነገር አይደለም።

ዝምታውን ማን ይስበር?

የኀፍረት ሕመም በአማራ ገጠር አዲስ አይደለም። በወሊድ ጉዳት ሽንታቸው የሚፈስስባቸው እናቶች ለዘመናት ከሰው ተሸሽገው ኖረዋል። የአዲስ አበባው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል፣ በኋላም በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳሩ ማዕከል ሥራ ሲጀምሩ፣ ታክመው የተመለሱት ሴቶች ራሳቸው ለሌሎች ምስክር ሆኑ። "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ዳንኩ" የሚለው ቃል ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ሠርቷል። አባቶችም ከእናቶች ይህን ሊማሩ ይገባል። ታክሞ የዳነ አንድ ሽማግሌ በማኅበሩ ላይ አፉን ቢከፍት አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሦስቱ ይከተሉታል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት ባለሙያዎች ወጣት ሴቶች ናቸው። ሽማግሌ ለልጁ እኩያ ለሆነች ሴት ይህን መናገር ይከብደዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። መውጫው ግን ሩቅ አይደለም። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ሚስቲቱን "አባታችን ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?" ብላ ብትጠይቅ መልሱን ታገኛለች። ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ሽማግሌው በጤና ጣቢያ ያለውን ወንድ ነርስ እንዲያዩ ትልካለች። ጥያቄው ወረቀትም መሣሪያም አይጠይቅም። በዋግ ትምህርቱ በኽምጣኛም መሰጠት ይኖርበታል፤ ሰው የኀፍረት ሕመሙን የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነውና። ካህናትም በበኩላቸው ጸበልና ሕክምና እንደማይጣሉ ቢያስተምሩ ብዙ ነፍስ ያተርፋሉ።

የመንገዱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ ይህን ቅደም ተከተል ቢጠብቅ ወጪው ይቀልለታል። የዓመቱን መዋጮ ከሕመሙ በፊት መክፈል በሌሊት በሬ ከመሸጥ ያድናል።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የሃያና የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች የነበሩት የዋግ ሰዎች ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። ያን ረኃብ በእግራቸው ተሻግረው፣ ተመልሰው ያንኑ ድንጋያማ መሬት አርሰው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የአካባቢውን የጤና ተቋማት ሲጎዳም እዚያው ነበሩ። ከተማቸው ሰቆጣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በታወጀውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ባለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሟ በአገር ታውቋል። ሕፃናቱን ለማሳደግ ቃል የተገባላት ይህች ምድር ሽማግሌዎቿንም በአጥር ሥር ቆመው እያማጡ እንዲያነጉ መተው የለባትም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ በየቤቱ አንድ ነገር ይደረግ። ልጅ ወይም ሚስት አባወራውን "ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ?" ብለው ይጠይቁ። አባወራውም "ደኅና ነኝ" ማለቱን ትቶ ቁጥሩን ይናገር። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያች ቁጥር ነው።